ነጯን መኪና ቆርጦ መካፈል

«ቆርጠን እንካፈላት በይው።»

«ቆርጠን እንካፈላት ይልሃል ወንድምህ።»

«ከየት ጀምሮ እንደሚቆርጣት ጠይቂልኝ። ከአፍንጫዋ ነው ወይስ ከጅራቷ?»

«ከአፍንጫዋ ነው ከጅራቷ ይልሃል።»

«መሀል ለመሀል በይው። እሱ የሚያሻሸውን ጎን ይውሰድ፤ የእኔን ጎን ግን በጣቱ እንዳይነካብኝ።»

«እኔ ስልክ ነኝ እንዴ? ሻያችሁን ጠጡ፣ ቀዘቀዘ።»

ቃል በቃል እንዲህ ነበር ብዬ አልምልም። ዘመን አልፎበታል፤ የሰማሁትም ጠረጴዛ ሥር ተቀምጬ ነው። የጠረጴዛው ልብስ እስከ አፍንጫዬ ስለወረደ የሚታየኝ የሰዎቹ እግር ብቻ ነበር። በአንድ በኩል የአባቴ ጫማ፣ የደረቀ ፖሊሽ እርጎ እንደተደፋበት ያዥጎረጎረው። በሌላው በኩል የአጎቴ ጫማ፣ የብየዳ ፍንጣሪ ወንፊት ያደረገው። በመካከላቸው የሴት አያቴ የእማማ ጫማ ከመሬት ከፍ ብሎ ይወዛወዛል፤ እማማ አጭር ስለነበረች ወንበር ላይ ስትቀመጥ እግሯ መሬት አይደርስም።

ሁለቱ ወንድማማቾች እጃቸውን ቢዘረጉ ይነካካሉ። ቃላቸው ግን በቀጥታ አይሄድም፤ በእማማ በኩል ዞሮ ነው የሚደርሰው። ወንድ አያቴ ካረፈ ወዲህ እንዲህ ነበሩ። አንዱ ጨው ሲያስፈልገው «እማዬ፣ ጨው አቀብለኝ በይው» ይላል፤ ጨው አጠገቡ ያለው ሰው ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ይጠብቃል፤ እማማ «ጨው አቀብለው» ስትል ብቻ እጁ ይንቀሳቀሳል። እኔማ የትልቅ ሰው ወግ መስሎኝ፣ ትምህርት ቤት አጠገቤ ከምትቀመጠው ልጅ ላጲስ ለመበደር ከኋላችን ያለውን ልጅ አማላጅ ላክሁ። መምህሯ ለብቻዬ አስቀመጠችኝ።

ጠረጴዛው ሥር ሆኜ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ መኪናዋ ልትቆረጥ ነው።

ሞኝ ነበረች አትበሉኝ፤ ማስረጃ ነበረኝ። አጎቴ በያጅ ነው፤ የሠፈሩ ሰው «ብልጭታ» ይለዋል፣ እኔ ደግሞ ጋሼ ብልጭታ፤ «ጋሼ»ን የተማርኩት ከአባቴ ነው፣ ታላቁ ስለሆነ ከኩርፊያው በፊት እንዲያ ይጠራው ነበር። የብረት በር ሲቆርጥ አይቻለሁ፤ በርሜል ለሁለት ከፍሎ ሁለት ገንዳ ሲያደርግ አይቻለሁ። አንድ ጊዜማ የብረት አልጋ ለሁለት ቆርጦ ለሁለት ልጆች ሁለት አልጋ ሠርቶ ሰጥቷል። ከአልጋ ሁለት አልጋ የሚያወጣ ሰው ከመኪና ሁለት መኪና ለማውጣት ምን ይሳነዋል?

መኪናዋ የወንድ አያቴ ነበረች። ሲገዛት ወተት ትመስል ነበር አሉ፤ «ርግቧ» ይላት ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቆማ ቀረች። ፀሐዩም ዝናቡም ሲፈራረቅባት እንደ ሽማግሌ ጥርስ ወየበች። የዛፉ ሙጫ ጣሪያዋ ላይ ደረቀ፤ ወፎችም ያቅማቸውን አደረጉ። ጠጋ ብለው ሲያዩዋት ደግሞ ቀለሟ ላይ የበርበሬ ብናኝ የመሰሉ ነጠብጣቦች ተዘርተውባት ነበር፤ ከፍሬን የሚበንን ብረት ተጣብቆ ሲዝግ እንዲያ ነው የሚሆነው። በጥቁር መኪና ላይ አይታይም። ነጭ ላይ ግን ኩፍኝ ይመስላል፤ እኔም ኩፍኝ ይዟታል ብዬ ለጥቂት ቀናት ራቅ ብዬ ነበር የማልፈው።

በልጅነት ልቤ ሁለቱም መኪናዋን ለየራሳቸው ፈልገው የተጣሉ ይመስለኝ ነበር። እኔ ራሴ ልጆች ወልጄ፣ ሰው ሲያወራ ዝም ብሎ መስማት ከለመድኩ በኋላ ነው እውነቱን ያወቅሁት፤ አንዳቸውም አልፈለጓትም። እያንዳንዱ «አንተ ውሰዳት» እያለ ይገፋ ነበር። የተጣሉት በቀለሟ ነው። አባቴ አሽቶ እንደ ጥንቷ ሊያነጣት ፈለገ። ጋሼ ብልጭታ ደግሞ አባታችን እንደተዋት ትቀመጥ አለ። ለምን እንደሆነ አይናገርም። «አይንካት በይው» ብቻ ነው። ያ ወረደ፣ ይህ ወጣ፣ መጨረሻ ላይ ተኮራረፉ።

እማማ በበኩሏ «እናንተ እስክትነጋገሩ ድረስ እኔ እዚያች መኪና ውስጥ እግሬን አላስገባም» ብላ ምላለች። እማማ ከማለች ማለች ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ወደ ጸሎት ዳገቱን በእግሯ ትወጣለች፣ እኔ በርጩማዋን ይዤ እከተላታለሁ። ጥቂት ትሄዳለች፣ ትቀመጣለች፣ ጉልበቷን ታሻለች፣ «ተመስገን» ትላለች፣ ትነሳለች። እንደ ልጅ ግምቴ መኪናዋ ውስጥ አልገባም ያለችው ውስጧ ሳለች እንዳይቆርጧት ፈርታ ነው። በጣም አስተዋይ ሴት ናት ብዬ አደነቅኋት።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ርግቧ ከዛፉ ሥር ተነሥታ የአባቴ መጠለያ ውስጥ ገብታለች። አባቴ የሚሠራው እዚያው ግቢያችን ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው። እሱን «መስተዋቱ» ነው የሚሉት፤ የደበዘዘ መኪና አሽቶ፣ ሰም ቀብቶ፣ ሰው ፀጉሩን የሚያበጥርበት መስተዋት ስለሚያደርገው። ሁሉም ሰው ነጭ መኪና ቀላል ነው ይላል። አባቴ ግን በዚህ ይናደዳል።

«ጥቁር መኪና ኃጢአቱን ከሩቅ ይናዘዛል» ይለኝ ነበር። «ነጭ መኪና አፈ ቅቤ ነው። አፋጥጠሽ እስክትጠይቂው ድረስ ደህና ነኝ ይልሻል።»

የማፋጠጫ ዘዴው ሁለት ነው። አንደኛ፣ እጁን ፌስታል ውስጥ ከትቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቀለሙን ይዳስሳል። በባዶ እጅ ለስላሳ የመሰለው ሁሉ በፌስታል ሲነካ እንደ ድመት ምላስ ይሻክራል። ሁለተኛ፣ መብራት ከጎን አጋድሞ ያበራበታል፤ ያን ጊዜ የተደበቀው ጭረት ሁሉ እንደ ሸረሪት ድር ብቅ ይላል።

ያን ቀን በሩ ላይ ቆሜ የማየው ግን ሐኪም ነው። እጁን በፌስታል ሸፍኗል፣ መብራት ከጎን ተደቅኗል፣ በሽተኛዋ ጸጥ ብላለች።

«አባባ፣ ያማታል?» አልኩት።

«ማንን?»

«ርግቧን።»

«አይ፣ ከላይ ከላይ ነው እንጂ ጤነኛ ናት።» ዓይኑን አልገለጠም። «ከሥሯ ብቻ የበሰበሰ ብረት አለ፤ እሱ መቆረጥ አለበት። ለጋሼሽ በእማማ በኩል ልኬበታለሁ። ውሃውን አቀብይኝ።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር ጆሮዬ ያስቀረው «መቆረጥ አለበት» የሚለውን ብቻ ነው። ውሃውን አቀበልኩት።

አባቴ ሊጥ የመሰለ ነገር በሳሙና ውሃ እያራሰ ቆርቆሮውን አሸው፤ ሊጡ እየጠቆረ፣ ኩፍኙ እየጠፋ ሄደ። ከዚያ ሰማያዊ ፕላስተር አመጣ። ፕላስተር አይቼ አላውቅም አይደለም፤ መብራቶቿንና የመስኮት ላስቲኮቿን ፖሊሽ እንዳይነካቸው በፕላስተር ይሸፍናል። ያን ቀን ግን ከአፍንጫዋ ጀመረ። በሞተሩ ክዳን መሀል ለመሀል አስምሮ፣ መስተዋቱን ዘሎ፣ በጣሪያዋ ላይ ወጥቶ፣ በኋላ መስኮቷ ወርዶ፣ ጅራቷ ላይ ጨረሰ። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ መስመሩ ቀጥ ማለቱን አየ። ረክቶ ራሱን ነቀነቀ።

አሁን እንደማውቀው፣ ይህ የሙያው ልማድ ነው። ነጭ መኪና ላይ የሥራን ልዩነት ማንም አያምንም፤ ጎን ለጎን ካላሳዩት በቀር። ስለዚህ አባቴ ለማንኛውም ነጭ መኪና ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ ክዳኑን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ብቻ አሽቶ «ፍረድ» ይለዋል። ያን የሚያደርገው እኔ ትምህርት ቤት ስሆን ነውና አላየሁም። በርግቧ ላይ ደግሞ እንድትፈርድ የተመረጠችው እማማ ናት፤ የእማማ ዓይን ትንሽ ስለደከመ አባቴ ክዳኑ አይበቃትም ብሎ መኪናዋን በሞላ አሰመረ።

እኔ ያየሁት የመቁረጫ መስመር ነው። ጋሼ ብልጭታም ብረት ከመቁረጡ በፊት በጠመኔ እንዲሁ ያሰምራል፤ እንዲያውም እንዲሁ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል።

አባቴ የማሻሻ ማሽኑን አስነሥቶ የቀኙን ጎን ሲሠራ ዋለ። ማታ እጁን ሊታጠብ ሲገባ እኔ ድርሻችንን ልመረምር ወጣሁ። መሪው በግራ ነው። ክላክሱም ከመሪው ጋር ነው። የፍሬኑ ፔዳል፣ ማርሹ፣ ቁልፉ፣ ሁሉም በግራ። ለእኛ የደረሰን ትንሿ መሳቢያና የፀሐይ መከለያው ብቻ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የእማማ ቦታ ነው። እማማ ሁልጊዜ የምትቀመጠው ከኋላ መሀል ላይ ነበር፤ በሁለት ትከሻ መካከል መንገዱን እያየች። አሁን አንድ እግሯ በእኛ መኪና፣ አንዱ በጋሼ ብልጭታ መኪና ሊሄድ ነው። ጋሼ ብልጭታ ደግሞ ሲነዳ ይፈጥናል።

ጸለይኩ። «ጌታዬ ሆይ፣ ሁለቱን አስታርቅ» ማለት ሲገባኝ «መሪውን ለአባባ አድርግለት» አልኩ። ጸሎትን የሚሰማው ለሁላችንም ታጋሽ ነው፤ አለበለዚያ በወገንተኝነት ብቻ እጠየቅ ነበር። ከጸሎት ጋር ሥራም ያስፈልጋል ብዬ የፕላስተሩን ጫፍ ያዝኩ። ሐሳቤ ነቅዬ ወደ ግራ አሽሽቼ መለጠፍ ነው፤ መሪው በእኛ በኩል እንዲወድቅ።

ፕላስተሩ ጥርርር ብሎ ተነሣ። መስመሩ ግን አልተነሣም።

ፕላስተሩ በነበረበት ጠርዝ ላይ መኪናዋ ለሁለት ተለይታለች። በቀኝ በኩል ጣቴን የሚያሳይ ወተት፤ በግራ በኩል የደረቀ ቅቤ። ማንም ብረት ሳይነካት ከወዲሁ መለያየት ጀምራለች። ዘግንኖኝ ፕላስተሩን መልሼ ለጠፍኩ፤ እንደ ቁስል ፋሻ ይዟት እንዲያድር በመዳፌ ደጋግሜ ተጫንኩት።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ሥራ በሌለበት ቀን፣ የግቢው በር ሲንኳኳ ጋሼ ብልጭታ ነበር። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው። በአንድ እጁ የብረት መቁረጫ ማሽኑን፣ በትከሻው የተጠመጠመ ገመድ ይዟል። ሰላምታ ሳይሰጥ ቀጥ ብሎ ወደ መጠለያው ሄደ፣ ገመዱን ሰካ፣ ማሽኑን ሞከረው። ጩኸቱ ጥርሴ ውስጥ ገባ።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ራሴን ያገኘሁት የሞተሩ ክዳን ላይ በደረቴ ተዘርግቼ፣ እጅና እግሬን እንደ እንቁራሪት ከፍቼ፣ ፕላስተሩን በሆዴ ሸፍኜ ነው። ቆርቆሮው እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ግማሽ ሆዴ በወተቱ ላይ ይንሸራተታል፤ ግማሹ በቅቤው ላይ ተጣብቋል።

ጋሼ ብልጭታ ማሽኑን አጠፋው።

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ ጉድ? ውረጂ፣ ይበርድሻል።»

«አልወርድም። እኔን ቁረጠኝ።»

«አንቺን ቆርጬ ምን ላደርግሽ?»

«መሪው በአንተ በኩል ነው ጋሼ። ክላክሱም በአንተ በኩል ነው። እኛ በምን ልንዞር ነው?»

«ወዴት ነው የምትዞሩት?»

«እማማስ? እማማ የት ልትቀመጥ ነው? አንተ ደግሞ ትፈጥናለህ።»

መነጽሩን ከግንባሩ አውልቆ ተመለከተኝ። ፕላስተሩን ከአፍንጫ እስከ ጅራት በዓይኑ ተከተለው። የያዘውን ማሽን አየ። እኔን አየ።

«ማን ነው ልቆርጣት ነው ያለሽ?»

«አንተ። ለእማማ ነገርካት፣ እማማ ለአባባ ነገረችው፣ አባባ አሰመረልህ።»

ማሽኑን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። ከዚያ ራሱ መሬት ተቀመጠ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ አያቴ ባረፈ ጊዜ እንዲያ ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁ። ግን እየሳቀ ነው። ድምፅ አጥቶ ይስቃል፣ ትንፋሽ ይስባል፣ እኔን ያያል፣ እንደገና ይስቃል። እንባውን በእጁ ሲጠርግ የብረት ጥላሸቱ ፊቱ ላይ ቀረ።

«አንተ» ብሎ ጮኸ ወደ ቤቱ። «አንተ፣ ና እስቲ ውጣ። ልጅህን ስማት።»

አባቴ ጥርሱን እየፋቀ ነበርና አረፋ እንደሞላው ደጃፉ ላይ ብቅ አለ። ወደ ግራ አየ። ወደ ቀኝ አየ። ከኋላው ዞረ። እማማን እየፈለገ ነው።

«እማዬ የለችም» አለው ጋሼ ብልጭታ። «ለአንተው ነው።»

አባቴ አረፋውን ዋጠው።

ጋሼ ብልጭታ ነገሩን ነገረው። በቀጥታ፣ ከአፉ ወደ ጆሮው፤ የተቆራረጠውም በሳቅ ብቻ ነው። አባቴ መጀመሪያ ላለመሳቅ ታገለ፤ ኩርፊያ ልማድ ሲሆን ሳቅ ያሳፍራል። «በምን ልንዞር ነው አለችኝ» ሲለው ግን አልቻለም፤ የበሩን መቃን ይዞ ጎበጠ። እኔ አሁንም ክዳኑ ላይ ነኝ። ለእኔ ምንም የሚያስቅ ነገር የለም፤ ማሽኑ ገና እንደተሰካ ነው።

በዚህ መሀል እማማ ለጸሎት ለባብሳ ዱላዋን ይዛ ወጣች። ሁለት ልጆቿ ጎን ለጎን ቆመው እንባቸውን ሲጠርጉ ስታይ ቆም አለች።

«እማዬ» አለ አባቴ፣ «ደህና ጊዜ መጣሽ። ፍረጂን። አሁኑኑ እይና የቱ እንደሚሻል ንገሪን።» እኔን ከክዳኑ አንሥቶ አወረደኝ።

እማማ ጠጋ አለች። ጎንበስ አለች። ከወተቱ ወደ ቅቤው፣ ከቅቤው ወደ ወተቱ አየች። ጣቷን አንሥታ ፕላስተሩ ላይ አሳረፈች።

«ይቺ ሰማያዊዋ ታምራለች።»

«እማዬ፣ ስለ ፕላስተሩ አይደለም። ይሄኛው ነው ወይስ ያኛው?»

«ምን ይሄኛውና ያኛው አለ? ሁሉም ነጭ ነው።»

ዓይኗ ትንሽ ደከመ ስንል ሞራ ሸፍኖት ኖሯል፤ ያን ዕለት ነው የታወቀው። ወራት ሙሉ ለአንዱ «እውነትህን ነው ልጄ»፣ ለሌላውም «እውነትህን ነው ልጄ» ስትል የኖረችው የሚጣሉበትን ነገር ሳታየው ነው።

ሁለቱ ወንድማማቾች ተያዩ። እማማ ግን አልጨረሰችም። መኪናዋን እየዳበሰች ወደ መሪው በኩል ዞረች፤ የሾፌሩ በር ጋ ስትደርስ እጇ ከመስኮቱ ሥር ቆመ።

«ይኸውና» አለች። «ክንዱ።»

አያቴ ሲነዳ መስኮቱን ከፍቶ ክንዱን የሚያሳርፍበት ነው። ቀለሙ ከመሳሳቱ የተነሣ ከሥሩ ግራጫው ብቅ ብሏል፤ ከሌላው ቀለም ሁሉ ይልቅ ግን ለስላሳ ነው። እማማ በጣቶቿ ስትዳብሰው ቆየች፤ ከዚያ የኋላውን በር ከፍታ ገባችና መሀል ላይ ተቀመጠች። መሐላዋ ተፈጽሟላ፤ ተነጋግረዋል።

ጋሼ ብልጭታ ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሏል። «አትንካት ስል የነበረው ለእሱ ነው። አሽተህ ታጠፋዋለህ ብዬ።»

«እንዲህ ነው አትለኝም ነበር?»

«እንዲህ ያለ ነገር በሰው በኩል ይላካል እንዴ?»

ብዙ ሰው ተኮራርፎ ሲኖር አይቻለሁ፣ አብዛኛው የሚቀረው እንዲህ ያለ በሰው የማይላክ ነገር ይዞ ነው።

«በሩን ተውልኝ» አለ ጋሼ ብልጭታ። «ሌላውን እንዳሻህ አድርገው። ከሥሯ የበሰበሰውን እኔ ዛሬ ቆርጬ እለጥፋለሁ። በሩን ብቻ።»

«በነጭ መኪና ላይ አንድ ቢጫ በር? ሰው ምን ይለኛል? መስተዋቱ ሠርቶ ሠርቶ በር ረሳ ነው የሚሉኝ። ከተጋጨ መኪና ፈትቶ ገጠመ ይሉኛል።»

«ይበሉሃ።»

«አንተ ምን ቸገረህ። የአንተ ሥራ ከቀለም ሥር ነው የሚቀረው፤ ማን አይቶ ይስቅብሃል?»

«እሱስ እውነት ነው።»

«ክንዱ ያረፈበትን ብቻ በፕላስተር ከልዬ ልተውልህ። ይችን ታህል።»

«ክንዱ መቼ አንድ ቦታ ይቀመጥ ነበር? ሲያንጎራጉር በሩን በመዳፉ ይደልቀው አልነበር? እስከ ታች።»

አባቴ ወደ በሩ አየ። «ይደልቀው ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

ከውስጥ የእማማ ድምፅ መጣ። «ኧረ ረፈደ፣ ጸሎቱ ሊያልፈኝ ነው።»

«መያዣውንስ?» አለ አባቴ።

«መያዣውን ጥረገው። ግን እንዳታብለጨልጨው።»

«የመስኮቱን ላስቲክ?»

«ላስቲኩን እንዳሻህ።»

«በሩና የጎማው መከለያ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ማሻሻውን ትንሽ ብቻ ባስገባ...»

«አንተ ሰውዬ።»

ኋላ ርግቧ በአንድ ቢጫ በር ስንት ዘመን እንደተነዳች፣ አባቴም ደንበኛ በጠየቀው ቁጥር እንዴት ፊቱ እንደሚቀላ አውቃለሁ። ያን ጠዋት ግን ገና አልወሰነም ነበር። ጨርቁን ከትከሻው አወረደ፣ አራገፈ፣ አራት አድርጎ አጠፈ፣ ፈታው፣ እንደገና አጠፈው። በሩን ከሩቅ አየው፤ ቀርቦ አየው። ሙያው አንድ ነገር ይለዋል፣ ወንድሙ ሌላ።

«እሺ ጋሼ» አለ በመጨረሻ። «በሩን አልነካውም።»